በጀርባ የሚታዘል ሄሊኮፕተር፦ ሁለት የባጃጅ ሞተር ሰው ያነሳል?

በያጁ፣ ሱሉልታ፦

ሰላም ለቤቱ። ሱሉልታ መንገድ ዳር ትንሽ ብየዳ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የታንከር ማቆሚያ፣ የተሰበረ የባጃጅ ሻሲ፣ የመጣውን እሠራለሁ። ደንበኛ ሲሄድና መብራት ሲኖር ግን የምሠራው ሌላ ነው፤ በጀርባ ታዝሎ ሰው የሚያነሳ ሄሊኮፕተር። ለመሳቅ ተራ ያዙ፤ እናቴ ቀድማችኋለች። "መሬቱ ምን በደለህ?" ነው ያለችኝ።

ያለሁበትን ልንገራችሁ። ከምናለሽ ተራ ሁለት ባለ 4 ስትሮክ የባጃጅ ሞተር አምጥቻለሁ። አንዱ ካርቡራተሩ ከተጠረገ ወዲህ ወዲያው ይነሳል፤ ሌላው ጭስ ያበዛል፣ ፋሻው ያለቀ ይመስለኛል። ፍሬሙን በቱቦላሬ በይጄዋለሁ፤ የትከሻው ማንገቻ የመኪና ቀበቶ ነው። መሃል ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚያልፍ ሁለት ዘንግ ቶርኖ ቤት አስወጥቼ በካቴና ከሞተሮቹ ጋር አገናኝቻለሁ። የግራው ሞተር የላዩን ሮተር (የሚሾረውን ክንፍ)፣ የቀኙ የታቹን ያዞራል፣ በተቃራኒ አቅጣጫ፤ ያለዚያ ሮተሩ ወደ ቀኝ ሲዞር እኔ ወደ ግራ እንደምሾር አውቃለሁ። እያንዳንዱ ሮተር ባለ ሁለት ምላጭ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሜትር። ምላጩ የአልሙኒየም ላሜራ ሆኖ በውስጡ የብረት ቱቦ አለው፤ አንዱ 3 ኪሎ ይመዝናል። በደቂቃ 800 ዙር ላዞረው ነው ያሰብኩት።

ክብደቱ፦ ሞተሮቹ ከነካምቢዮአቸው 60 ኪሎ፣ ፍሬም፣ ዘንግና ሮተር 35፣ ቤንዚን 5፣ እኔ 65። ጠቅላላ 165 ኪሎ።

ምላጭ ሳልገጥም አስነስቼው ነበር። ፍሬሙ ይንቀጠቀጣል፣ ያ የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበኝ የላይኛው ኩሽኔታ ነው፤ ትንሽ ከሠራ በኋላ እጅ አያስነካም፣ ግሪሱ ቀልጦ በዘንጉ ላይ ይወርዳል።

"እብድ ነህ" የሚለኝ ካለ፣ አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላን በቮልስዋገን ሞተር በገዛ እጁ የሠራው እዚሁ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የውጭ ሚዲያ ሁሉ አውርቶለታል። ስለዚህ "ልሥራ ወይስ ልተው" ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት፦ ይነሳል ወይ? የምላጩን ሥር ከመሃሉ ጋር በብየዳ ልያዘው ወይስ በቡሎን?

ቆርኬ፦

ወንድሜ አንተ ብቻ ተነሳ! እኔ ከጫንጮ የምመላለስ ሰው ነኝ፣ እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ከሲኖትራክ ኋላ አርጅቻለሁ። ታሪፉን ቀድመህ አሳውቀን፤ ትርፍ እንዳትጭን ብቻ።

ስሌት ይቅደም፦

እኔ መካኒካል ነው የተማርኩት፣ ቁጥሩን ሠራሁልህ። ደስ አይልህም፤ ግን ክብደቱን አንድ በአንድ ስለመዘንክ ለመሥራት አመቸኝ፤ ብዙ ሰው እሱን ሳያውቅ ነው "ይነሳል ወይ" የሚለው።

ሮተር የሚያነሳው አየር ወደ ታች በመግፋት ነው። አየሩ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ በፍጥነት መግፋት ግድ ይለዋል፤ ጉልበት የሚበላውም ይሄ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። በ4 ሜትር ሮተር 165 ኪሎ አየር ላይ ለማቆም፣ ሮተሩ በደንብ የተሠራ ነው ብዬ እንኳ ይዤ፣ ዘንጉ ላይ 31 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስፈልግሃል።

አሁን ሞተሩን እንየው። የባጃጅ ሞተር ዝቅ ባለ ቦታ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። እዚህ ግን እሱም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ከ7 ብዙም አያልፍም። ሁለቱ 14። ከፍታው ሁለት ጊዜ ነው የሚያስከፍልህ፣ አንዴ ሮተሩ ላይ፣ አንዴ ሞተሩ ላይ።

በ14 የፈረስ ጉልበት ያ ሮተር ምን ያህል ያነሳል ብዬ ወደ ኋላ ስሠራው 97 ኪሎ ገደማ መጣ። ማሽንህ ያለ አንተ 100 ኪሎ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አንተ መሬት ቆመህ እያየኸው እንኳ ራሱን ለማንሳት ያቃስታል።

የጃፓኑን ጄን ኤች-4 አይተኸው ይሆናል፤ ያንተው ዓይነት ነው፣ ሁለት ተቃራኒ ሮተር፣ 4 ሜትር። ግን አራት ባለ 125 ሲሲ ሞተር አለው፣ በድምሩ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ባዶ ክብደቱ ደግሞ 75 ኪሎ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሠሪው ጌናይ ያናጊሳዋ በጣሊያን፣ ቪንቺ ላይ አብርሮ አሳይቷል። ቪንቺ ግን እንደ ሱሉልታ ተራራ ላይ አይደለችም።

በያጁ፣ ሱሉልታ፦

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግሪሱ ሳይሆን ልቤ ነው የቀለጠው። ግን ሮተሩን 6 ሜትር ባደርገውስ? ሰፊ ሮተር ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ላሜራው አለኝ፣ ቦታውም አለኝ፤ ከቤቴ ጀርባ ድርቆሹ ከታጨደ ወዲህ ሜዳው ባዶ ነው።

ስሌት ይቅደም፦

የሰማኸው ልክ ነው። በ6 ሜትር 31 የነበረው ወደ 21 ይወርዳል። ግን ያለህ 14 ነው፤ ያውም ምላጩ ሲረዝም ክብደት አይጨምርም ብዬ ነው። ይጨምራል። ደግሞ 6 ሜትር የሚሾር ነገር ጀርባህ ላይ አዝለህ ትንሽ ዘንበል ብትል ጫፉ የት እንደሚያርፍ ሜትር ይዘህ ለካው።

የድሮ ሜካኒክ፣ ቢሾፍቱ፦

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሚ-8 ሄሊኮፕተር ሥር ነው። ልጅቷ የጻፈችው ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ልጻፍልህ፣ ምክንያቱም አለመነሳት ማንንም አይገድልም።

3 ኪሎ ምላጭ፣ ክብደቱ መሃሉ ላይ ማለት ከዘንጉ 1 ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል፣ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ሥሩን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል 2 ቶን ያልፋል። አንዱን ምላጭ ብቻ ማለቴ ነው። አንተ በያጅ ነህና ብየዳ ላይ 2 ቶን ማንጠልጠል ምንም አይመስልህ ይሆናል። ቆሞ ቢንጠለጠል እኔም ምንም አልልም ነበር። ይሄ ግን በየዙሩ እየታጠፈ፣ እየተቃና ነው የሚጎተተው፤ በአንድ ሰዓት 48,000 ጊዜ። ብረት እንዲህ ሲደረግ የሚሰነጠቀው ከብየዳው ጎን ነው፣ ሙቀቱ ባገኘው ቦታ፣ ከላይ ቀለም ተቀብቶ አምሮበት እያለ። የአንተ ደግሞ አልሙኒየምና ብረት ነው፤ ሁለቱ በብየዳ እንደማይያያዙ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ስለዚህ ቡሎን ነው። ቡሎኑም ከሶማሌ ተራ ዕቃ ውስጥ የተለቀመ አይሁን።

ሚ-8 ላይ ምን ነበር መሰለህ፤ የምላጩ ውስጠኛ ምሰሶ ክፍት ቱቦ ነው፣ በአየር ተነፍቶ ይታሸጋል። ሥሩ አጠገብ ትንሽ መስታወት ያላት ጠቋሚ አለች። ምሰሶው የፀጉር ያህል ከተሰነጠቀ አየሩ ይወጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መስታወቷ ውስጥ ቀይ ቀለበት ብቅ ይላል። ጠዋት ጠዋት መሰላል ወጥተን አምስቱንም ምላጭ በተራ እናይ ነበር። ቀይ ከታየ አለቃም ቢሆን፣ ሚኒስትርም ቢጠብቅ፣ አይነሳም። ያን ያህል የተጠነቀቁት ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሌላ ልጨምር። አንዱ ሞተር አንዱን ሮተር፣ ሌላው ሌላውን ያዞራል ብለሃል። ያ ጭስ የሚያበዛው ሞተር ቀጥ ያለ እንደሆነ የአንድ ወገን ሮተር ብቻ ይቀራል፤ ፈርተኸው የነበረው መሾር ያኔ አየር ላይ ይመጣል። ሁለቱም ሞተሮች አንድ ማርሽ ላይ ገብተው ሁለቱንም ሮተር ማዞር አለባቸው። ሞተር ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ትልቁ ሄሊኮፕተር የምላጩን አንግል ቀንሶ፣ ከታች በሚመጣው አየር ሮተሩን እያዞረ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያንተ ምላጭ አንግሉ ቋሚ ነው፣ አይቀየርም። እንደ ድንጋይ ነው የምትወርደው፤ ከ10 ሜትር ብትወድቅ መሬት የምትደርሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው፣ ያውም ማሽኑ ጀርባህ ላይ ሆኖ።

መሬቱ ራሱ ያታልልሃል ደግሞ። ሮተር መሬት አጠገብ ሲሆን ጉልበት ይቆጥባል። ሞተር ብትቀይርና ብትጠነክር ግማሽ ሜትር ያነሳህና "በቃ ሆነ" ትላለህ፤ ከፍ ስትል እርዳታው ይቀርና ትሰምጣለህ። ይህን የፈተነ ሰው አይቻለሁ፣ የሠለጠነ ሰው ነበር።

እንድትተው አልመክርህም። ጀርባህ ላይ ግን አታድርገው። መሬት ውስጥ በኮንክሪት የተያዘ ማቆሚያ ሥራ፤ በያጅ ነህ፣ ማን ይከለክልሃል። አንድ ሞተርና አንድ ሮተር ብቻ ግጠም፣ ጫፍ እስከ ጫፍ 1.5 ሜትር። የምላጩን አንግል ገልብጠህ ግጠመው፣ አየሩን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች እንዲገፋ። ከሥሩ የእህል ሚዛን አድርግ። ስንት ኪሎ እንደሚገፋ ሚዛኑ ይነግርሃል፤ ወደ ታች ስለሚገፋም አይነቀልም። ዙሪያውን በአሸዋ ጆንያ አጥር፣ የነዳጁን ሽቦ አስረዝመህ ከርቀት ሳብ። ከሮተሩ ጎን ለጎን፣ ምላጩ በሚዞርበት ልክ፣ ዶሮም ቢሆን አይቁም። ምላጭ ከተነቀለ የሚሄደው በዚያ አቅጣጫ ነው።

ለገጣፎ ላይ፦

ጋሼ ጨርሰውታል፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ። በጀርባ የማዘሉ ነገር ድሮም ተሞክሯል። ሆራስ ፔንቴኮስት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲያትል ላይ ሆፒ-ኮፕተር ብሎ በጀርባ የሚታዘል ሠርቶ ነበር። መነሳቱ አልነበረም ችግሩ፣ ማረፉ ነው፤ የማረፊያ ጎማህ የገዛ እግርህ ነው፣ ብትደናቀፍ ምላጩ መሬት ይመታል። በኋላ ወንበርና ማረፊያ ያለው አድርጎ ቀየረው።

ሞተር አዝለህ መብረር ከሆነ ምኞትህ ፓራሞተርን (ፓራሹት መሳይ ጨርቅ ከሚታዘል ሞተር ጋር) እየው። ጨርቁ ነው የሚሸከምህ፣ ሞተሩ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው ሥራው፤ ስለዚህ ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፣ ሞተሩ ቢጠፋም ተንሳፍፈህ ትወርዳለህ። እዚህ ከፍታ ላይ ለመነሳት ሩጫው ይረዝማል እንጂ ይቻላል። ግን የትኛውንም ከመሬት ከማንሳትህ በፊት ሲቪል አቪዬሽን ባለስልጣን ሄደህ ጠይቅ። አዲስ አበባ አፍንጫ ሥር ያለ ፈቃድ የሚበር ነገር ታይቶ ማን ምን እንደሚል አስበው።

በያጁ፣ ሱሉልታ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ቀይዋ ቀለበት የጻፉትን ለረዳቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱ እስካሁን ምላጩን "ማራገቢያው" እያለ ነበር የሚጠራው፣ አሁን ሲያልፍ ራቅ ብሎ ነው።

ፓራሞተሩን አልፈልግም። ጨርቅ መስፋት የኔ ሙያ አይደለም፣ መግዛትም አልችልም፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያስደስተኝ መብረሩ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ነው። የእርስዎን ማቆሚያ እሠራለሁ። 1.5 ሜትር ሮተር፣ ደህናው ሞተር፣ ወደ ታች። ጭሳሙን ፈትቼ ዕቃ አደርገዋለሁ። ሚዛኑን እህል በረንዳ የሚሠራ ዘመድ አለኝ፣ እሱን አስቸግራለሁ። አንድ የቀረኝ ግን ኩሽኔታው ነው፤ ለምንድን ነው የሚግለው? አዲስ ነው፣ ከነወረቀቱ ነው የገዛሁት።

የድሮ ሜካኒክ፣ ቢሾፍቱ፦

አዲስነቱ አይደለም። የኩሽኔታውን ቤት ፍሬሙ ላይ ስትበይድ ሙቀቱ ጎትቶት ተጣሟል፤ ላይኛውና ታችኛው ኩሽኔታ በአንድ መስመር አይደሉም፣ ዘንጉ እየታጠፈ ነው የሚዞረው። የሚንቀጠቀጠውም በዚያ ይሆናል፣ "የሚጠበቅ ነው" ብለህ አትለፈው። ቤቶቹን ከፍሬሙ ቁረጣቸው፣ በወፍራም ላሜራ ላይ በቡሎን ሥራቸው፣ ከሥር ቀጭን ላሜራ እያስገባህ አስተካክል። ዘንጉ በሁለት ጣት ሲዞር ምንም ካልያዘህ ደርሰሃል። እስከዚያ አታስነሳው።

ቅዳሜ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ጫንጮ እሄዳለሁ። መንገዴ ነው፣ ላየው እችላለሁ።

በያጁ፣ ሱሉልታ፦

ይምጡ ጋሼ! ከዋናው መንገድ በስተግራ፣ የድርቆሽ ክምሮቹን አለፍ ብሎ፣ ደጁ ላይ ያልተቀባ ትልቅ የግቢ በር የተደገፈበት ቤት ነው። በሩ የደንበኛ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ካልወሰደው። የኩሽኔታ ቤቶቹን ዛሬ ማታ እቆርጣለሁ፤ ምሳ እናቴ ጋ ነው፣ እርስዎን አግኝታ የምትነግርዎት ብዙ ነገር አላት።