የጉድጓዳችን ፓምፕ በበጋ አየር ብቻ ይስባል፣ ትልቅ ልግዛ ወይስ ሌላ ችግር ነው?

ባለጉድጓዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ ግራ ገብቶኛል። ያለነው ባሕር ዳር ነው፣ እናቴ ግቢ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ ጥልቀቱ 11 ሜትር ስፋቱ ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ነው። የመስመር ውሃ ስለሚቆራረጥ ጥቅምት ላይ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ ገዝተን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስተከልን፣ 2000 ሊትር ሮቶም ብረት ማማ ላይ ሰቀልን። እስከ የካቲት ድረስ እሰይ ብለን ነበር፣ ከመጋቢት ወዲህ ግን ሞተሩ ይጮሃል ይግላል ውሃ ግን የለም፣ በባልዲ ሲቀዳ ግን ውሃው አለ። የሸጠልን ሰውዬ "አቅም አንሶት ነው ባለ 2 ውሰዱ" አለን። ሌላው ደግሞ የ3 ዓመት ልጄ በሁለት ወር ውስጥ ሦስቴ አስቀምጦታል፣ ሽንት ቤታችን ከጉድጓዱ 12 እርምጃ ቢሆን ነው፣ ከውሃው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ወንድሜ ቅዳሜ ጉድጓዱን እናጽዳው ብሎ በቤንዚን የሚሰራ ፓምፕ ሊከራይ ነው፣ ውስጥ አውርዶ ውሃውን ጨርሶ ጭቃውን ያወጣል። ምን ትላላችሁ?

አዲሱ ቤት፦
ባለ 2 ግዢ እህቴ፣ እኔ ቀይሬ ተገላግያለሁ።

የቧንቧ ባለሙያ፦
እህቴ ብርሽን አታባክኚ እባክሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር አድርጊ፣ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረሽ ውሃው ከጉድጓዱ አፍ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለኪና ንገሪኝ። ከላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃ የሚስበው እውነቱን ለመናገር እሱ ራሱ አይደለም፣ እሱ ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጭ ያለው የአየር ግፊት ነው። ባሕር ጠለል ላይ ይሄ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር አካባቢ ያወጣል፣ ባሕር ዳር ግን ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀለል ይላልና በወረቀት ላይ 8 ሜትር ከምናምን ነው፣ በተግባር የቧንቧው ፍትጊያና የመገጣጠሚያው ክፍተት ሲጨመር ከ6 እስከ 6 ተኩል ከሰራ ተመስገን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ይሄ ነገር በፈረስ ጉልበት አይቀየርም፣ ባለ 2ም ባለ 5ም ብታስቀምጪ ያው ነው። አዲሱ ቤት ያንተ ውሃ ቅርብ ስለሆነ ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም ያዳነህ።

ሌላ የሚታይ ነገር የመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ላይ ታች ያለው ፉት ቫልቭ ነው፣ ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘው። ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው ወደ ታች የሚመለስ ከሆነ ቫልቩ ውስጥ ጠጠር ገብቷል ወይም ጎማው ተበልቷል ማለት ነው፣ ዋጋው ትንሽ ነው። መገጣጠሚያዎቹንም በቴፍሎን በደንብ አጥብቁ፣ ውሃ የማያንጠባጥብ ክፍተት አየር ይስባል፣ በዓይን ስለማይታይ ስንቱ ሰው ደህናውን ፓምፕ ጥሎታል።

ባለጉድጓዷ፦
ለካሁት ወንድሜ፣ ውሃው ከላይ 8 ሜትር ላይ ነው፣ ከሱ በታች 3 ሜትር ውሃ አለ። ነሐሴ ላይ ግን ከአፉ 3 ሜትር እስኪቀረው ድረስ ይወጣል። ፓምፑን ወደ ውስጥ 4 ሜትር አውርደን ብረት ላይ ብናስቀምጠውስ?

የቧንቧ ባለሙያ፦
አየሽ፣ 8 ሜትር ነው። ፓምፑ አልተበላሸም። ግን አታውርዱት፣ ራስሽ ነገርሽኝ ነሐሴ ላይ 3 ሜትር ይደርሳል፣ ከነኤሌክትሪኩ ይሰምጣል። የሚያስፈልግሽ ሰመርሲብል ነው፣ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስለሚገፋ የመሳብ ጣጣ የለበትም። ትልቅ ደግሞ አትግዢ። ከመግዛትሽ በፊት የጉድጓዱን አቅም እወቂ፦ ውሃውን 1 ሜትር ዝቅ እስኪል ቀድታችሁ በ1 ሰዓት ውስጥ ስንት እንደተመለሰ ለኩ። ባንቺ ጉድጓድ ስፋት 1 ሜትር ማለት 1130 ሊትር ነው፣ በሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር ከተመለሰ 226 ሊትር ብቻ አለሽ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጉድጓድ ላይ ጉልበተኛ ፓምፕ ብታስገቢ ቶሎ አድርቆት ባዶ ይሽከረከርና ይቃጠላል። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ይበቃሻል፣ ሮቶው ቀስ ብሎ ይሙላ ማንም አያሯሩጥሽም።

ሲሰቀል በናይለን ገመድ ወይም በማይዝግ ሽቦ ይሁን፣ በኤሌክትሪኩ ገመድ አንጠልጥለው የሚሄዱ አሉ እሺ እንዳትያቸው። ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል ጭቃ እንዳይስብ። ረጅም ቀጭን አይነቱ ከሆነ ደግሞ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ሞተሩን እያለፈ ስለማያቀዘቅዘው ፒቪሲ ቱቦ አልብሱት፣ ውሃው ከታች ገብቶ ሞተሩን አልፎ እንዲወጣ።

የጎጃም በር ልጅ፦
ስለ ፓምፑ ቆይተን እናወራለን፣ እህቴ ወንድምሽን ዛሬውኑ አስቁሚው!! የቤንዚን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፣ የሰው ነፍስ ነው። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ አይታይም አይሸትም፣ ጉድጓድ ውስጥ መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል። እኛ ሰፈር እንዲሁ ሊያጸዱ ብለው ሞተር አወረዱ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያወጣው ዘሎ ገባ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀበርን። ሻማ አውርጄ አይቻለሁ አትበሉ፣ ሻማ ኦክስጅን ማነሱን ሊያሳይ ይችላል እንጂ ይሄን ጋዝ አያሳይም፣ ሻማው እየበራ ሰው ይሞታል። ሞተሩ ከወጣ በኋላም ጭሱ ውስጥ ይቆያል። ማጽዳቱን ለቆፋሪዎች ስጡት፣ ሰው ሲወርድ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮ ላይ ጠንካራ ሰዎች ይዘውት ይሁን። ከታች መልስ ካልሰጠ በገመዱ ይሳብ፣ ተከትሎ የሚወርድ ሰው ግን አይኑር።

ኤሌክትሪሺያን ነኝ፦
በእሱ ላይ ልጨምር፣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ፓምፑ ከብሬከሩ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ገመዱ ይነቀል። አዲሱን ስታስተክሉ ለብቻው 30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር (ከረንት ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ) ይኑረው፣ ግራውንድም ይታሰር፣ ውሃና መብራት ቀልድ የለውም። ፍሎት (ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ሁለት ቦታ ያስፈልጋል፣ አንዱ ሮቶ ውስጥ ሲሞላ የሚያጠፋ፣ አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲቀንስ የሚያጠፋ። ማታ ማታ መብራቱ ሲደክም አታስነሱት፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ብዙ ከረንት እየሳበ ይግላል፣ ወደ እኔ የሚመጡት የተቃጠሉ ፓምፖች ብዙዎቹ በዚህ ነው።

ጤና ባለሙያዋ፦
እህቴ መጀመሪያ ልጅሽን ጤና ጣቢያ አሳዪው፣ ኦአርኤስና ዚንክ ይሰጡሻል፣ ሰውነቱ ውሃ እንዳያጣ አደራ። ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ሰዓት አትጠብቂ።

ስለ ውሃው፣ 12 እርምጃ በጣም ቅርብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው 30 ሜትር ነው፣ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ክረምት ላይ ውሃው 3 ሜትር ድረስ ሲወጣ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ስለዚህ ለመጠጥ የሚሆነውን ከዛሬ ጀምሮ አፍዪው፣ ባሕር ዳር ላይ መፍላት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ በቂ ነው (ከ2000 ሜትር በላይ ያላችሁ 3 ደቂቃ)፣ ወይም ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ።

ጉድጓዱን ከጸዳ በኋላ በክሎሪን ማከም ይቻላል። ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለ1000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ነው፣ ያንቺ 3400 ሊትር ገደማ ስለሚሆን 3 ሊትር ተኩል። በባልዲ ውሃ በጥብጠሽ ግድግዳውንም እያስነካሽ አፍስሺ፣ ቧንቧዎቹን ክፈቺና ሽታው ሲመጣ ዝጊ፣ አንድ ሌሊት ይደር፣ በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ አስወጥታችሁ ድፉት፣ ጓሮ ጎመኑ ላይ ግን አይደፋ። በረኪናን ከአሲድ ጋር ማንም እንዳይቀላቅል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከሳምንት በኋላ ላብራቶሪ አስመርምሪ፣ ናሙናው በንጹሕ የላብራቶሪ ጠርሙስ ተይዞ በበረዶ ሳጥን በ6 ሰዓት ውስጥ ቢደርስ ነው ጥሩ። ኢ ኮላይ (ውሃው ውስጥ ሰገራ መግባቱን የሚያሳይ ባክቴሪያ) በ100 ሚሊ ሊትር 0 መሆን አለበት። ናይትሬትም አስለኪ፣ ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር ካለፈ ለጡጦ ሕፃን አደገኛ ነው፣ እሱን ደግሞ ማፍላት አያጠፋውም። ሽንት ቤቱ እዛው እያለ ግን ክሎሪኑ ጊዜያዊ ነው፣ ይሄን ልደብቅሽ አልችልም።

መቂ ነኝ፦
እኛም ጉድጓድ አለን፣ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ እየሆነ ነው፣ በረኪናው ለኛም ይሰራል?

ጤና ባለሙያዋ፦
የናንተ ሌላ ነው ወንድሜ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ነው ያለው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋዩ የሚመጣ። ክሎሪን አያወጣውም፣ ብታፈላው ውሃው ስለሚተን እንዲያውም ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠን 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፣ አስለካው። እስከዚያ ለመጠጥና ለወጥ የዝናብ ውሃ ወይም የተመረመረ የመስመር ውሃ፣ የጉድጓዱን ለማጠቢያ አድርጉት።

የቧንቧ ባለሙያ፦
እህቴ አፉንም አትርሺው። ላይኛው 3 ሜትር ግድግዳ በሲሚንቶ ቀለበት ይሸፈን፣ መገጣጠሚያው ይለሰን፣ አፉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ክዳን ይኑረው፣ ዙሪያውን ከ1 ሜትር በላይ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሲሚንቶ ይሰራ። ባልዲና ገመድ መሬት ላይ እየተጎተተ መግባቱም ይቅር። ክረምት ሳይገባ ነው ይሄ ሁሉ።

ባለጉድጓዷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ወንድሜ የጎጃም በር ልጅን መልስ ካነበብኩለት በኋላ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ኪራዩን ሰረዘው። ጉድጓዱን ሦስት ቆፋሪዎች በገመድ ወርደው አጸዱት፣ ሁለት ጎማና ስንት ፌስታል ወጣ። በሰዓት 30 ሳንቲ ሜትር ይመለሳል፣ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ሰመርሲብል ከነፍሎቱ ተገጠመ፣ ሮቶው ትላንት ማታ ሞላ። ልጄ ተሽሎታል የፈላ ነው የምንሰጠው። በረኪናውን እሁድ እናደርጋለን። ሽንት ቤቱን ወደ ግቢው ታችኛው ጥግ ለማዞር እናቴ ተስማምታለች፣ ከጉድጓዱ 26 ሜትር ነው የሚሆነው ከዚያ በላይ ቦታ የለንም፣ ጤና ባለሙያዋ ይሄ ይሻላል ወይ? የላብራቶሪውን ውጤት እንደደረሰ እዚሁ እጽፈዋለሁ።

ጤና ባለሙያዋ፦
ከ12 እርምጃው በጣም ይሻላል፣ ታችኛው ጥግ መሆኑም ጥሩ ነው። ጥልቅ አታስቆፍሩት፣ ወለሉ ክረምት ላይ ውሃው ከሚደርስበት ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል በላይ ይሁን። አሮጌውን አስመጥጣችሁ ኖራና አፈር ሙሉበት።