ከሐዋሳ ፋይናንስ ለመማር ለምትመጡ፦ ኮርሳችሁን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ደርድሩ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ፍሬሽማን ጨርሻለሁ። አሜሪካ ፋይናንስ ለመማር ተቀባይነት አግኝቼ ቪዛም ተመቶልኛል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ምን ልውሰድ? «ቀላል ቀላሉን አስቀድም» የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! እኔም የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ያንን ምክር ግን አትስማ። እኔ ሰምቼው አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከስሬያለሁ።

እኛ አገር ኮርሱን ዲፓርትመንቱ ይመድብልሃል። አንተ ከባችህ ጋር መሄድ ብቻ ነው። እዚህ የምትመርጠው አንተው ነህ። እኔ ስታትስቲክስ ፈርቼ አቆየሁት። ሁለተኛ ዓመት ላይ የመጀመሪያውን የፋይናንስ ኮርስ ልመዘገብ ስል ሲስተሙ እምቢ አለ፤ ፕሪሪኩዚቱን፣ ማለትም ቀድሞ ማለቅ ያለበትን ስታትስቲክስ፣ አላሟላሁም። እሱ ሲቀር ከኋላው ያሉት ሁሉ አብረው ተገፉ። አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር ለቤተሰብ ምን ያህል ሸክም እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ፋይናንስ ላይ ኮርሶቹ ተደጋግፈው ነው የቆሙት። ካልኩለስ፣ ስታትስቲክስ፣ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ሁለቱ የአካውንቲንግ ኮርሶች ከሥር ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ኮርፖሬት ፋይናንስ ይመጣል። ከዚያ ኢንቨስትመንት፣ ቀጥሎ ደግሞ ዴሪቫቲቭ (ዋጋቸው በሌላ ንብረት ዋጋ ላይ ስለሚመሠረት ውሎች የሚያስተምረው)። ስለዚህ ወረቀት አንሳ። አራተኛ ዓመት ላይ መውሰድ የምትፈልገውን ጻፍ፤ ከዚያ «ይሄን ምን ይቀድመዋል?» እያልክ እስከ መጀመሪያው ሴሚስተር ውረድ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጡ ኮርሶች ስላሉ ካታሎጉን (የትምህርት ቤቱን የኮርስ ዝርዝር) አጠገብህ አድርግ። እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል እንጂ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ካልኩለስና ማይክሮ ባይቀሩ ጥሩ ነው።

ሌላው የክሬዲት ነገር ነው። ዲግሪው አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። በሴሚስተር 15 ከወሰድክ በ4 ዓመት ታጠናቅቃለህ። ለኤፍ-1 (ለተማሪ) ቪዛ በሴሚስተር 12 ይበቃል ሲሉህ ግን እንዳትዘናጋ፤ በ12 ብቻ ከሄድክ በ8 ሴሚስተር የምትደርሰው 96 ላይ ነው።

ጥያቄ፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ፍሬሽማን ላይ ሂሳብና ኢኮኖሚክስ ወስጃለሁ። እዚያ ይያዙልኛል?

መልስ፦
ሊያዙልህ ይችላሉ። ውሳኔው የምትገባበት ትምህርት ቤት ነው፤ አንተ ግን ማስረጃህን ይዘህ ና። ትራንስክሪፕት የኮርሱን ስም፣ ክሬዲቱንና ውጤትህን ያሳያል እንጂ ውስጡን አያሳይም። እነሱ ደግሞ ምን ምን ምዕራፍ እንደተማርክ ማየት ይፈልጋሉ። የእያንዳንዱን ኮርስ አውትላይን ሰብስብና ማኅተም አስመታበት። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ ይሁንልህ፤ ፖስታውን ራስህ እንዳትከፍተው።

ይሄን ሁሉ እዚያው ሐዋሳ ሳለህ ጨርስ። እኔ ሳልይዝ መጥቼ ታናሽ እህቴ ከሥራዋ እያስፈቀደች ሬጅስትራር ስንት ቀን ተመላልሳልኛለች። ወረቀቱ እጄ ሲገባ የኮርስ ምዝገባው አልፎ ነበር። ኢኮኖሚክስን እንደገና ከፍዬ ተማርኩት።