ዝምተኛዋ ልጅ ባርድ፣ አፈ ጮሌው ባርባሪያን፣ ምን ላድርግ?

ዳይስ_ከኪሴ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዲኤንዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር ይዞ በወሬና በዳይስ የሚጫወተው የተረት ጌም) አምስተኛውን እትም ነው የምንጫወተው፣ ዲኤሙ፣ ማለትም ታሪኩን የምመራው፣ እኔ ነኝ። ግሩፓችን ውስጥ አንዷ በጣም ዝምተኛ ናት፣ የያዘችው ካራክተር ግን ባርድ (በዘፈንና በአንደበት የሚያሸንፍ) ነው፣ ካሪዝማዋ፣ ማለትም ሰው የመማረክ ነጥቧ፣ 18። አንዱ ደሞ ባርባሪያን (በጉልበቱ የሚዋጋ ተዋጊ) ነው፣ ካሪዝማው 8፣ ወረቀቱ ላይ ዳይሱ ላይ የሚታሰበው ማይነስ 1 ነው የሚለው ግን ልጁ በተፈጥሮው አፈ ጮሌ ነው። የከተማው በር ላይ ዘበኛው አላሳልፍም ሲል እሷ ገና ምን እንደምትል እያሰበች እሱ ስለ ሞተች እናቱ አውርቶ፣ አልቅሶ፣ ዘበኛውን ወንድሜ ብሎት ጨርሷል። ሁሉም ይስቃል፣ ከዛ በኋላ ሮል አድርግ፣ ዳይስ ወርውር ማለት ጨዋታ ማደፍረስ ይሆንብኛል። እሷ ስትሆን ግን "ፐርሱኤዥን" (የማሳመን ችሎታ) ትልና ዳይሷን ወርውራ ዝም። በካራክተርሽ ድምፅ ተናገሪ ብዬ ልገፋፋት ወይስ ልተዋት?

ጎብሊኑ_ጎረቤቴ፦
በናትህ አትግፋት። የ2014ቱ ፕሌየርስ ሃንድቡክ፣ የጌሙ መመሪያ መጽሐፍ፣ ራሱ ሁለቱንም ይፈቅዳል እኮ፣ እንደ ካራክተሩ ሆኖ መናገርም ይቻላል፣ ከውጭ ሆኖ "ባርዷ ዘበኛውን ታሞካሸዋለች" ብሎ መተረክም ይቻላል። ባርባሪያኑን ጉልበትህ 18 ስለሆነ ተነስና ጠረጴዛውን በአንድ እጅህ አንሳ ትለዋለህ እንዴ? እሷን ሁለት ነገር ብቻ ጠይቃት፣ ከዘበኛው የምትፈልጊው ምንድነው፣ በምን በኩል ነው የምትይዢው፣ በሙገሳ ነው በማስፈራራት ነው በገንዘብ? ዘበኛው ደሞዝ እንዳልተከፈለው ቀድማ ሰምታ ከሆነና በዛ ከገባችለት በዳይስ ማግኘት ያለባትን ቁጥር ከመካከለኛው 15 ወደ ቀላሉ 10 አውርድላት። ሀሳቡ የሷ ነው፣ አንደበቱ የባርዷ ነው።

አሮጌ_ዲኤም፦
እኔ ግማሹን ነው የምስማማው። ሁሉም ነገር ዳይስ ከሆነ ተሰብስበን ምን እናወራለን? በ1974 ጋይጋክስና አርነሰን ያወጡት የመጀመሪያው ጌም ላይ ፐርሱኤዥን የሚባል ስኪል አልነበረም፣ ካሪዝማ በዋናነት ለቅጥር ወታደርና ለታማኝነታቸው ነበር፣ ሌላውን በወሬ ነበር የምትጨርሰው። የልጁን ንግግር አትግደልበት፣ ግን ይወርውር! ጥሩ ከተናገረ የሚያስፈልገውን ቁጥር ቀንስለት፣ ማይነስ 1ዱ ግን የትም አይሄድም። ሲወድቅ ደሞ ንግግሩ መጥፎ ነበር አትበለው። "በሰላም ነው የመጣነው" ያለው በደም የተለወሰ መጥረቢያ ዘበኛው አፍንጫ ስር ይዞ ነው፣ በለው። ይሄ ራሱ ካራክተር ነው፣ እንደውም ከእንባው ይበልጣል።

ሰላማዊት_ባርድ፦
እኔም ዝም ከሚሉት ነኝ፣ ባርድም ነው የምጫወተው፣ ስለዚህ ይሰማኛል። ሰው ሮልፕሌይ (ካራክተርን ሆኖ መጫወት) ሲባል ድምፅ መቀየር ብቻ ይመስለዋል። የኛ ግሩፕ ሩሉ በእንግሊዝኛ ወሬው በአማርኛ ስለሆነ እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ፣ ባርዴ ሁሉንም ሰው እርስዎ ነው የምትለው፣ ጎብሊን የሚባለውን ትንሽ ጭራቅም ቢሆን "እባክዎ ቢላዎን ያስቀምጡ"። የኛ ባርባሪያን ደሞ ንጉሡን አንተ ይለዋል። ይሄን ለማድረግ ትወና አያስፈልግም፣ ግን ሁሉም ሰው ካራክተሯን አወቃት። ሌላው፣ ዝምተኛ ሰው ሳይዘጋጅ ሲያዝ ነው የሚጨንቀው። ቪሸስ ሞከሪ የምትለዋን ስፔል ታውቋት የለ፣ ተሳድበሽ የምታቆስይባትን፣ ለሷ እንደ አዝማሪ ቤት ግጥም ቤቴ ጽፌ እመጣለሁ፦

ሰይፍህም ረጅም ነው፣ ጋሻህም ሰፊ ነው፣
የጎደለህ ነገር የሚይዛቸው ሰው ነው።

ኦገሩ (ግዙፉ ጭራቅ) ላይ የደረሰው ጉዳት 2 ነጥብ ነበር ግን ቴብሉ ለሳምንት ሲያወራው ከረመ 😂

ዳይስ_ከኪሴ፦
ግጥሟን ሰርቄያታለሁ ይቅርታ 😂 ግን ባርባሪያኑን የሰው ንግግር አትቁረጥ ስለው "ካራክተሬ እንደዛ ነው" ነው የሚለኝ።

አሮጌ_ዲኤም፦
ካራክተሩን ማን ሰራውና? እሷ ነገ ካራክተሬ ቂመኛ ናት ብላ ሲቆስል ሂል አላደርግህም ብትለው ይቀበላታል? ይሄን ለብቻው ንገረው፣ ቴብል ላይ አይሆንም። በዛ ላይ የ2014ቱን ከያዛችሁ ወረቀቱ ላይ ቦንድ (ካራክተሩ የተሳሰረበት ነገር) እና ፍሎው (ድክመቱ) የሚጽፍበት ቦታ አለ፣ ዲኤሙ ሁሉ ረስቶት ነው እንጂ። ቦንዱን "ባርዷ ሕይወቴን አድናለች፣ በክብር ቦታ ፊት አስቀድማታለሁ" የሚል አድርጉትና ዘበኛው ፊት ዞር ብሎ "እመቤቲቱ ይናገሩ" ባለ ቁጥር ኢንስፒሬሽን የሚባለውን ሽልማት ስጠው፣ በሱ አድቫንቴጅ ያገኛል፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትልቁን ይወስዳል። አድቫንቴጅ የሚጠላ ባርባሪያን አላጋጠመኝም።