የየጎፍ ደን ካርታ አረንጓዴው ጨምሯል ይላል፤ ደኑ በደህና ተይዟል ማለት ነው?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው የየጎፍ ደን ላይ የሁለት ዓመት የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስሎችን አነጻጽሬ የልምላሜ ልኬት (ኤንዲቪአይ) ካርታ ሠራሁ። የቀድሞው ምስል የየካቲት፣ የአሁኑ የጥቅምት ነው። አረንጓዴው ጨምሯል። ደኑ በዘላቂነት እየተያዘ ነው ብዬ ለደን ተጠቃሚ ማኅበሩ ላቅርበው?

ጦሳ፦
እንዳታቀርበው። በጥቅምት ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩም ማሳውም ለምለም ነው። ሁለቱንም ምስል ከጥር ውሰድ፤ አዝመራው ገብቶ፣ ሣሩ ደርቆ፣ በልግ ሳይጀምር ጥድና ወይራው ተለይተው ይታያሉ። ሳተላይቱ የሚያልፈው ረፋድ ላይ ስለሆነ ግን በጥር የሰሜን ምዕራቡን ገደል ጥላ ይውጠዋል። ያን ቦታ ከንጽጽሩ አውጣው።

ወሰኑንም ፈትሽ። ብዙዎቹ የቆዩ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቀድሞ የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፣ ምስሉ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ወሎ በሁለቱም የካርታ ክፍፍል (ዩቲኤም) ዞን 37 ስለሆነ ቁጥሩ ተመሳስሎ ያሳስታል፤ ሳትቀይር ብትደርበው ወሰኑ 200 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። የሰው ማሳ ደን ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ጠብ ያመጣል።

ዝግባ፦
ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ባሕር ዛፉ ነው። በአገራችን ትርጉም 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው ሁሉ ደን ነው፤ ጥዱ ሳስቶ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ቢበዛ ድምሩ ያድጋል። ኤንዲቪአይ ዝርያ አይለይም። ስለዚህ ባሕር ዛፉንና የፈረንጅ ጥዱን ከተፈጥሮው ደን በእጅህ ከልለህ ለየብቻ አስላ። የምስሉ አንዱ ነጥብ (ፒክሰል) 10 በ10 ሜትር ስለሆነ 100 ነጥብ አንድ ሄክታር ነው፤ ከ50 ነጥብ በታች የሆነው ቁራጭ 0.5 ሄክታር ስለማይሞላ ጣለው።

ቦርከና፦
አመሰግናለሁ። የሐበሻ ጥዱ ራሱን መተካቱንስ ከምስሉ ማየት ይቻላል?

ዝግባ፦
አይቻልም፤ ችግኙ ከቅጠሉ ሥር ነው። ካርታው ላይ በዕጣ ነጥብ ጥለህ 20 በ20 ሜትር ከልል። የዛፉን ውፍረት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለካ፣ ችግኙን ለብቻ ቁጠር፤ በ25 ስታባዛው የሄክታር ይሆናል። ተዳፋት ላይ ሜትሩን አግድም ወጥረህ ያዝ፤ መሬቱን ተከትለህ ከለካህ ቦታው ይጠባል፣ ቁጥሩም ይጎድላል። ወፍራም ዛፍ ኖሮ ቀጭኑና ችግኙ ከሌለ፣ ካርታው ምንም ቢል ደኑ እየሸመገለ ነው። ያኔ የከብት መንገዱን በጂፒኤስ ያዝና ችግኝ ካጣህባቸው ነጥቦች ጋር ደርብ፤ ማኅበሩ የትኛውን ጥግ ከግጦሽ መከለል እንዳለበት ከዚያ ያያል።