ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ ተማሪዎች ዋርድ ሲገቡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ምን ይደረግ? (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦ አስተማሪ ዘሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ነርሲንግ የምታስተምሩ፣ ዋርድ ላይ ተማሪ የምትቀበሉ፣ ተማሪዎችም ብትሆኑ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዓመቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል) ሊወጡ ነው፤ አራት ሳምንት፣ ለአንድ አስተማሪ 12 ተማሪ። ችግሩ በየዓመቱ ያው ነው። የጽሑፍ ፈተና ውጤታቸው ደህና ነው፤ አልጋ አጠገብ ሲደርሱ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ካኑላ (በመርፌ ገብቶ ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ይዞ የሚቀርበው ሁሌ ያው ሁለት ሦስት ልጅ ነው፤ የቀሩት ከኋላ ቆመው ሎግቡክ (የሠሩትን የሚመዘግቡበት ደብተር) ይሞላሉ። በሁለተኛው ሳምንት መቅረት ይጀመራል፤ በራውንድ (በሽተኞችን በየአልጋው የመጎብኘት ዙር) መሀል ዞሮበት የሚወድቅም አይጠፋም። ዲፓርትመንቱ ያሰበው የግማሽ ቀን የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ነው። ከዚያ የተሻለ ምን አለ? በጀት የለም፣ አስተማሪም አይጨመርም።

መልስ፦ ስኪል ላብ

ሥልጠናው አይጎዳም፤ እጅ ግን አያረጋጋም። የሚንቀጠቀጠው ልጁ ያንን ሥራ በእጁ የሚሞክረው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ነው፤ ያውም ሰው ላይ። ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ገብቷል ትሉኝ ይሆናል። የገባው ግን 40 ሆኖ አንድ የፕላስቲክ ክንድ ከብቦ ነው፤ የፊተኛው ረድፍ ነካ፣ የኋለኛው የጓደኛውን ጀርባ አየ።

ከአራት እስከ ስድስት ሆነው ይግቡና በአራት ዙር ይሠራ። መጀመሪያ አስተማሪው ምንም ሳይናገር በሥራው ትክክለኛ ፍጥነት ይሠራዋል። ቀጥሎ ምን ለምን እንደሚያደርግ እየተናገረ ይደግመዋል። ሦስተኛው ላይ ተማሪው ያዛል፣ አስተማሪው ይሠራል። በመጨረሻ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። ጊዜ አጠረ ተብሎ የሚዘለለው ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው፤ ስህተት የሚጋለጠውም እዚያው ላይ ነው። ተማሪው "አሁን መርፌውን አውጣ" ሲል ቱርኒኬቱ (ክንድ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ) ገና እንደታሰረ ያኔ ይታያል።

ካኑላ ላይ በብዛት የሚበላሸው ይኸውላችሁ። ደም ብልጭ ሲል ተማሪው ደስ ይለውና መርፌውን ወዲያው ይስባል። የመርፌው ጫፍ ግን ከፕላስቲኩ ጫፍ ትንሽ ይቀድማል፤ ደም የታየው መርፌው ስለገባ ነው፣ ፕላስቲኩ ገና ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደም ሲታይ ዘንበል አድርጎ ከቆዳው ጋር ማቀራረብ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መግፋት፣ ከዚያ መርፌውን ባለበት ይዞ ፕላስቲኩን ብቻ ማንሸራተት። ቱርኒኬት ይፈታል፣ ከጫፉ በላይ ያለው ደም ሥር በጣት ይጫናል፣ መርፌው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልሄድ ካለ መርፌውን መልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ መክተት በፍጹም አይቻልም፤ ቆርጦ ደም ሥር ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ካቃተው ለሌላ ይልቀቅ። ይህ ደንብ ቀድሞ ከተነገረ መልቀቁን ማንም እንደ ውርደት አይቆጥረውም።

መልስ፦ ሦስተኛ ዓመት

ከተማሪ ወገን ደግሞ ልናገር። አንደኛው ቋንቋ ነው። ከጎንደር ወይም ከወሎ ተመድቦ የመጣ ልጅ፣ ከገጠር የመጡ ሲዳሙ አፎ ብቻ የሚናገሩ እናት ፊት ቆሞ "ሂስትሪ ውሰድ" (የሕመሙን ታሪክ ጠይቅ) ሲባል ዝም የሚለው ትምህርቱ ስላልገባው አይደለም። ከመውጣታቸው በፊት ቋንቋውን ከሚያውቅ ልጅ ጋር ይጣመሩና 15 ያህል ጥያቄ በኪስ ካርድ ይጻፍ፦ የት ያምዎታል፣ መቼ ጀመረዎት፣ ሽንት ይወጣል፣ የማይስማማዎት መድኃኒት አለ፣ አሁን መርፌ ልወጋዎት ነው። ስለ ሽንትና ስለ ወር አበባ ግን በአስታማሚ ልጃቸው ማስጠየቅ ነውር ነው፤ መልሱም እውነት አይሆንም።

ሁለተኛው ቁጣ። በሽተኛው እየሰማ "ይሄንንም አታውቅም?" የተባለ ልጅ ሁለተኛ ደፍሮ አይጠይቅም። በሽተኛውም "እሱ አይንካኝ" ይላል፤ ምን ይፈረድበታል? አደጋ ካለ እጁ ይያዝና "ቆይ፣ አብረን እንሥራው" ይባል፤ የቀረው ኮሪደር ላይ።

መውደቁ ብዙ ጊዜ የሆድ ነገር ነው። ጠዋት 1:30 ርክክብ፣ ከዚያ እስከ 5 ሰዓት ሲቆሙ መዋል፤ ቁርስ ያልቀመሰ ልጅ ላይ ሽታና ደም ሲጨመርበት ምን ይጠበቃል? 3:30 ላይ የ15 ደቂቃ ሻይ ፕሮግራሙ ላይ በጽሑፍ ይግባ። ሲቆሙም ጉልበትን ገትሮ አለመቆም፤ ዓይን ሲጨልም ማፈሩን ትቶ እዚያው ተኝቶ እግርን ከፍ ማድረግ።

መልስ፦ ነባር ሲስተር

ልጆቼ፣ መለሳለስም ልክ አለው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለ። ከሁሉም በላይ በሽተኛ አለ። የበሽተኛውን ማንነት ሳያረጋግጥ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ያልለካውን ቫይታል ሳይን (ደም ግፊት፣ ትንፋሽና የመሳሰለውን) የሚጽፍ፣ ስሌት የሚገምት ተማሪ ሲያጋጥም ዝም አይባልም። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥር እንዲገባ ታዘዘ እንበል። ሴቱ (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ባለ 60 ጠብታው ማይክሮ ሴት ከሆነ ግን 125 ነው። ሴቱን ሳያይ ማይክሮውን 42 ላይ ያሰረ ልጅ ለበሽተኛው ከሚገባው ሲሶውን ብቻ ሰጠ።

መልስ፦ ስኪል ላብ

ሲስተር፣ በስሌቱ እስማማለሁ። ያልለካውን የሚጽፈው ግን ማን ነው? የሚፈራው ነው። "አልሰማኝም፣ ድገሙልኝ" ማለት የሚያስቆጣ ከሆነ ዋርዱ በሙሉ ደም ግፊቱ 120/80፣ ትንፋሹ 20 ይሆናል። ቻርቱን ገልብጠው ይዩ፤ አሥር አልጋ ላይ ትንፋሽ 20 ከተጻፈ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማርክ አይያዝባቸው፤ "አላውቅም" ያለ ይማር፣ የፈጠረ ይጠየቅ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ምዘናው በቼክሊስት ይሁንና ቼክሊስቱ ከመጀመሪያው ቀን በእጃቸው ይኑር።

መልስ፦ ሴፍቲ ቦክስ

ጭንቀት ከተነሳ መርፌ መወጋት መረሳት የለበትም። ተማሪ ሲወጋ ይደብቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን እያሰበ ያድራል፤ ያ ነው የሚያሳምመው። የሚደረገው ቀላል ነው፦ ወዲያው በሳሙናና በውኃ መታጠብ። አይጨመቅም፣ በረኪናም አይደረግበትም። ወዲያው ለኃላፊዋ መንገርና የበሽተኛውንም የተማሪውንም ምርመራ ማሠራት። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚሻለው፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። ደሙ ኤችአይቪ ያለበት ቢሆን እንኳ በአንድ መወጋት የመያዝ ዕድሉ 0.3 ከመቶ ገደማ እንደሆነ ከመወጋታቸው በፊት ይነገራቸው።

ሄፓታይተስ ቢ ይብሳል፤ ላልተከተበ ሰው ከ6 እስከ 30 ከመቶ ነው። ክትባቱ ሦስት ዙር ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከመጀመሪያው በስድስተኛው ወር። ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ዋርድ የሚወጣ ልጅ መጀመር ያለበት አንደኛ ዓመት ላይ ነው። መርፌ መልሶ አለመክደን፣ ሴፍቲ ቦክሱን (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበትን ሣጥን) ሦስት አራተኛ ሲሞላ መዝጋት። ሌሊት ማን ጋ እንደሚደወል ሎግቡኩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይለጠፍ።

አስተማሪ ዘሐዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 12ቱን አንድ ሰው እንዴት ያዳርሳቸው?

መልስ፦ ነባር ሲስተር

አራት አራት አድርገህ ለሦስት ክፈላቸው። አንዱ ቡድን ካንተ ጋር አልጋ ላይ ይሠራል፤ ሁለተኛው አንድ ለአንድ ከዋርዱ ነርሶች ጋር ይመደባል፤ ሦስተኛው ኬር ፕላን (የበሽተኛ እንክብካቤ ዕቅድ) እያዘጋጀ እርስ በርሱ ይጠያየቃል። መጠያየቅ ነው ያልኩት፣ ሃንድአውት መልሶ ማንበብ አይደለም፤ ደብተር ዘግቶ ከራስ ማውጣት ነው የሚቀረው። በየቀኑ ይዘዋወሩ። ዋርዱን የምትመራዋን ሲስተር ግን ከሳምንት በፊት ሄደህ አነጋግራት፤ ተማሪው ምን መሥራት እንደተፈቀደለት በአንድ ገጽ ስጣት። ያንን ሳታውቅ ወይ ሁሉን ታሠራቸዋለች ወይ አልጋ ብቻ ታስነጥፋቸዋለች።

ከመውጣታቸው በፊት 20 ደቂቃ ሰብስባቸው፦ ምን ሆነ፣ ለምን፣ ነገ ምን ይቀየር። ይዞት የነበረው በሽተኛ ያረፈበት ልጅ ካለ ወዲያው ወደ ሌላ አልጋ አትላከው። አስከሬኑን ለማዘጋጀት መግባት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀው፤ አታስገድደው። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ብሎት ሁለት ሳምንት ያለፈውን ወደ ሳይካትሪ ክሊኒክ ይዘኸው ሂድ። መሞት እፈልጋለሁ ያለውን ግን በዚያኑ ቀን ነው፤ ለብቻው አትተወው።

አስተማሪ ዘሐዋሳ

ሲስተር፣ የሰኞውን ፕሮግራም በዚሁ መልክ አወጣለሁ። የሻይ ሰዓቱም ገብቷል። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ያለን የፕላስቲክ ክንድ አንድ ነው፣ ቆዳውም ተበሳስቷል።

መልስ፦ ስኪል ላብ

ቀጭን የቱርኒኬት ላስቲክ ቱቦ ቆርጠህ ቀይ ቀለም ያለው ውኃ ሙላበትና ሁለቱንም ጫፍ እሰር። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ላይ አጋድመህ ከላዩ ጓንት ወጥርበት። አንዱ ለሁለት ተማሪ ይበቃል፤ ሲበሳሳ ቱቦውን ብቻ ትቀይራለህ።