300 ማግነም፣ አጋዘን እና የዜግነት ቀጠሮዬ

የአውሮራው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነኝ፤ ስድስተኛ ዓመቴ። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ኪራይና ስለ ፕሮሰስ ነው፤ የኔ ጥያቄ ለየት ስለሚል እንዳትስቁብኝ።

የመጋዘኑ አለቃዬ አዳኝ ነው። በየዓመቱ ክሬግ አካባቢ ይሄዳል። ዘንድሮ "ና፣ አብረን እንሂድ" አለኝ። የአዳኝ ኮርሱን ወሰድኩ። ኦገስት ላይ ከዕጣ የተረፈ የአጋዘን ፈቃድ አገኘሁ። ጠመንጃውን እሱ ያውሰኛል፤ 300 ዊንቸስተር ማግነም ነው። ጥይቱን ግን ራስህ ግዛ አለኝ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ገባሁ፤ ግድግዳው ሙሉ ጥይት። 150፣ 165፣ 180፣ 200፣ መዳብ፣ የፕላስቲክ ጫፍ፣ ምኑ ቅጡ! ሳጥኑ ላይ "300" የሚል አይቼ አንዱን አነሳሁና 62 ዶላር ከፈልኩ። ለአለቃዬ ፎቶውን ስልክለት በሳቅ ሞተ። የገዛሁት ለካ 300 ደብሊው ኤስ ኤም የሚባል ሌላ ጥይት ነው። ልመልስ ብሄድ "ጥይት አንመልስም" አሉኝ። ሃያ ፍሬ ጥይት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቁጭ ብላለች።

ቦታው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ጠዋት ጥሻ ውስጥ ነን፤ አጋዘኑ 50 ያርድ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ከሰዓት ገላጣ ሸለቆ ነው፤ 300 ያርድም ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም የሚሆን ጥይት አለ?

ሁለተኛው ጥያቄ ይባስ። የዜግነት ፎርም አስገብቼ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነው። ጠመንጃ መያዜ መዘዝ ያመጣብኝ ይሆን? ባለቤቴ "ይቅርብህ፣ ተው" እያለች እንቅልፍ ነስታኛለች።

ጋሽ ካስፐር፦
ልጄ፣ እኔ ዋዮሚንግ ውስጥ 17 ዓመት አድኛለሁ፤ ትንሽ ታገሰኝ።

መጀመሪያ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። ያንተ በ1963 የወጣው ረጅሙ ነው፤ ቀለሃው ግርጌው ላይ ቀበቶ አለው። ደብሊው ኤስ ኤም አጭርና ወፍራም ነው። 300 ዌዘርቢ የሚባልም አለ። የሦስቱም አረር ውፍረት አንድ ነው፤ ቀለሃቸው ግን አይተካካም። በርሜሉና ሳጥኑ ላይ ያለው ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አንድ ካልሆነ ጠመንጃው ውስጥ እንዳታስገባ። 62 ዶላርህ ርካሽ ትምህርት ነው።

ማግነም ማለት ባሩዱ የበዛ ማለት ነው። 180 ግሬን አረር (ሳጥኑ ላይ ያየኸው ቁጥር የአረሩ ክብደት ነው) ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 2,960 ጫማ ገደማ ይምዘገዘጋል። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ሩቁ ነው። እኔ ግን የተቀጣሁት ቅርብ ላይ ነው። ቅርብ ላይ አረሩ ገና ፍጥነቱ አልበረደለትም፤ ሽፋኑ ስስ ከሆነ አጥንት ሲነካ ይፈረካከሳል። አንድ ዓመት ርካሽ 150 ግሬን ይዤ ወጣሁና 40 እርምጃ ላይ ትከሻውን አገኘሁት። ቆዳውን ስገፍፍ የፊት ብልቱ ሥጋ የለም፤ የረጋ ደም ብቻ ነው፣ ማርማላታ በለው። የአጥንቱ ስንጥር ጎድን ሥጋው ውስጥ ተሰክቷል። አንዱን ትከሻ እንዳለ ጣልኩት።

ስለዚህ ጠንካራ አረር ነው የምትፈልገው። አንዱ ዓይነት ሽፋኑና እርሳሱ የተጣበቀ ነው፤ ሳጥኑ ላይ "ቦንድድ" ይላል። ሌላው መሐሉ ላይ ግድግዳ ያለው ኖዝለር ፓርቲሽን ነው፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ አለ፣ ዛሬም አላረጀም። ሦስተኛው ሙሉ መዳብ ነው። እሱ ቅርብ ላይ አይፈረካከስም፤ በጣም ሲርቅና ፍጥነቱ ሲወርድ ግን ጫፉ ለመከፈት ይሰንፋል። ላንተ 300 ያርድ ያ ስጋት የለም። እኔ ብሆን 180 ግሬን ቦንድድ እይዛለሁ።

ለቅርብ አንድ፣ ለሩቅ አንድ ልያዝ እንዳትል ደግሞ። ጥይት ስትቀይር መምቻ ቦታውም ይቀየራል። አንዱን ዓይነት ሁለት ሳጥን ግዛ፤ አንዱን ሳጥን ኢላማ ላይ ጨርሰው። ስኮፑን፣ ማነጣጠሪያ መነጽሩን ማለቴ ነው፣ 200 ያርድ ላይ አስተካክል። ያኔ 100 ላይ አንድ ኢንች ተኩል ከፍ ይላል፣ 300 ላይ ስድስት ሰባት ኢንች ዝቅ ይላል። 400 ላይ ወደ 19 ኢንች ይወርድና የጎን ነፋስም አንድ ጫማ ያህል ሊገፋው ይችላል። የአጋዘኑ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከሾርባ ሳህን አይሰፋም። እስከ 250 መሐሉን አልመህ ተኩስ። ከ300 በላይ ግን ዝም ብለህ እየው፤ ማየቱም ደስ ይላል።

18 ጎማ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለጀማሪ ማግነም መስጠት ልጁን መግደል ነው። ይራገጣል! 308 ከሚባለው ጥይት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው ሰደፉ ትከሻ የሚደልቀው። ሁለቴ ከተመታ በኋላ ሦስተኛው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ቃታ የሚስበው። የኮሎራዶ ሕግ ራሱ ለአጋዘን የሚጠይቀው ቢያንስ 6 ሚሊሜትርና 70 ግሬን ነው። 270 የሚባል ጥይት አለ፣ ከ1925 ጀምሮ አጋዘን ሲጥል ኖሯል። ዋጋውም ይቀንሳል። ሁለት ሳጥን ማግነም ማለት እኮ የአንድ ወር የቤት ኢንተርኔት ነው!

ጋሽ ካስፐር፦
አለቃው የሰጠውን ነው የሚይዘው እንጂ መርጦ አልገዛ። ውሰት ላይ ምርጫ አለ እንዴ? የጆሮ መከላከያ ያድርግ፣ ትከሻው ላይ ፎጣ ነገር ይደርብ፣ በቀን ከአሥር ጥይት በላይ አይተኩስ። ይለምደዋል።

18 ጎማ፦
"ይለምደዋል" ብለው የሰጡኝ ጠመንጃ ስኮፕ ቅንድቤን ቀዶታል፤ ሁለት ስፌት። የአውሮራው፣ ዓይንህን ከስኮፑ አርቅ፤ አራት ጣት ያህል።

ወረቀት አዋቂ፦
ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ለስንት ሰው ፎርም ሞልቻለሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሌላ የሚከለክለው ነገር ከሌለ በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ በመርህ ደረጃ አይችልም፤ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ካለው ግን በልዩ ሁኔታ ይፈቀድለታል። ወረቀት የሌለው ሰው የአደን ፈቃድ ቢኖረውም አይችልም፤ ከባድ ወንጀል ነው። ይህን የምጽፈው ዝም ብላችሁ ለምታነቡትም ጭምር ነው።

ውሰቱን በተመለከተ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ያለ ምርመራ እስከ 72 ሰዓት ማዋስ ይፈቀዳል፤ አደን ላይ እያሉ መጠቀምም እንደዚሁ። ከአደን በኋላ "እቤትህ ይቆይ" ቢልህ እሺ እንዳትል።

ለዜግነትህ የሚያሰጋህ ጠመንጃው አይደለም፤ ቅጣቱ ነው። ፎርሙ ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የሰው መሬት መግባት፣ ጥይት አፉ ላይ ያለበትን ጠመንጃ መኪና ውስጥ መያዝ፣ ብርቱካናማውን ልብስ አለመልበስ፣ የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድ ሁሉም ያስቀጣል። ጋሽ ካስፐር የጣሉት ትከሻ ይቅር ይበላቸው። አንድ ሌላ ነገር፦ ካምፕ ውስጥ ካናቢስ ያለበት ከረሜላ ቢያዞሩ እንዳትነካ። በኮሎራዶ ሕግ ተፈቅዷል፤ ኢንተርቪው ላይ የሚጠይቅህ ግን የፌዴራል መንግሥት ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጥይት የሚለውን ሳነብ አባቴ ታወሰኝ። አባቴ ምንሽር ነበረው። አልጋው ራስጌ ይሰቅለዋል፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አውርዶ በአሮጌ ነጠላ ጨርቅ ይወለውለዋል። ጥይቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠረ ሶፋ ጨርቅ ላይ ይደረድራቸዋል። መንካት አይፈቀድልንም፤ መቁጠር ግን ይፈቀድልናል። እኔ ቁጥር የተማርኩት በዚያ ነው፤ እስከ አሥራ አራት። ከአሥራ አራት በላይ ኖሮት አያውቅም። እናንተ ሃያውን ኢላማ ላይ ጨርስ ስትሉ ገረመኝ።

አሁን አባቴ የለም። ሁለቱ ወንድሞቼ በምንሽሩ ተጣሉ። ትልቁ ለኔ ይገባል ይላል። ታናሹ ድርሻዬን በብር ይስጠኝ ይላል። ብሩን የምልከው ማን ይመስላችኋል? አዎ። ሜሪላንድ ተቀምጬ በሕይወቴ ያልነካሁትን ጠመንጃ ልገዛ ነው።

18 ጎማ፦
እህቴ አትላኪ። ላክሽ ማለት በሚቀጥለው ወር በሬው፣ ከዚያ የበሬው ቀንበር ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ልኬያለሁ። ግማሹን።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ማንም ያልጠየቀውን እኔ ልጠይቅ። ሥጋው ይበላል ወይ? አጋዘን ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል፤ ዘዳግም 14 ዋላና ሚዳቋ ይበላሉ ይላል። እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። አሟሟቱ ላይ ነው እንጂ። በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው።

18 ጎማ፦
በክት ማለት ራሱ የሞተ ነው። ይሄኛው 180 ግሬን ቦንድድ ነው የገደለው። ደግሞስ ከሱፐርማርኬት የምትገዛው ሥጋ ማን ባርኮ ያረደው ነው?

ዲያቆን ነበርኩ፦
እኔ ከሱፐርማርኬት አልገዛም። ከገበሬ ዘንድ ሄደን ለቅርጫ ነው የምናርደው። አንተ ስለማትመጣ አታውቅም።

ጋሽ ካስፐር፦
ዘሌዋውያን 17 ቁጥር 13ን አንብብ፣ ልጄ። የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን ያፍስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል። አደን ነው የሚለው፣ ቃል በቃል። እኔ እንደወደቀ እደርሳለሁ፤ ነፍስ ካለችው በስመ አብ ብዬ አርደዋለሁ፣ ደሙን አፈር አለብሰዋለሁ። ነጮቹ ቆመው ያዩኛል፤ ይዩኝ።

የሚኒያፖሊሱ፦
እኛ ጋ ቀለል ይላል። ስትተኩስ ቢስሚላህ ትላለህ፤ በሕይወት ካገኘኸው ታርደዋለህ። ስለዚህ ጋሽ ካስፐር፣ ቀጣዩ ዓመት አንድ እግር ወደዚህ ይላኩ፤ የተኩሱን ጊዜ እኔ በስልክ እገባለሁ።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ነፍስ ካለችውስ እሺ። 300 ያርድ ርቆ ወድቆ እስክትደርስ ከሞተስ? እንዳልኩት ነው፣ በክት ነው። ደግሞ ኖቬምበር ላይ ብታድኑ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። እስከ ገና ፍሪዘር ልታሞቁለት ነው?

18 ጎማ፦
ፍሪዘር አይሞቅም ዲያቆን።

ወረቀት አዋቂ፦
በናታችሁ፣ እዚህ ቤት ሃይማኖት አይነሳ ተባብለን አልነበር? ልጁ ስለ ጥይት ነው የጠየቀው።

የአውሮራው፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ የወረቀቱን ክፍል አነበብኩላት፤ ትንሽ ረጋ አለች። ስለ በክቱ ያለውን ግን ሰምታ "ከኔ ድስት ውስጥ አይገባም" ብላለች። እሱን በኋላ እናያለን።

ጋሼ፣ ሱቁ 180 ቦንድድ አልቆበታል። 165 ሙሉ መዳብ አለ፣ 71 ዶላር። ይሆናል ወይስ ልጠብቅ? አደኑ ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ባለቤትህ አስተዋይ ናት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ባለቤትህን ክትፎ ሠርተህ ሳትነግራት አቅምሳት። አባቴ እናታችንን እንደዚያ ነው ያሸነፋት።

የሚኒያፖሊሱ፦
ሃሃሃ፣ ጋሽ ካስፐር የት ጠፉ? ልጁ መልስ እየጠበቀ ነው።

የሎንግሞንቱ፦
ሰላም፣ አዲስ ነኝ እዚህ። የአውሮራው፣ ያቺ 300 ደብሊው ኤስ ኤም ሳጥን እስካሁን አለች? እኔ ጠመንጃው አለኝ። 40 ዶላር፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ።

የአውሮራው፦
አልተከፈተችም እኮ። 62 ነው የገዛኋት፣ ታክስ ሳይጨምር።

የሎንግሞንቱ፦
45። ቡና ደግሞ እኔ እጋብዛለሁ።