የጋፋት ጀርመናዊ ባለሙያ የትውልድ መንደሩን ለማግኘት እርዳታ እጠይቃለሁ

በቤተሰባችን ሲነገር እንደቆየው፣ የእናቴ ቅድመ አያት ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በተሠራበት በጋፋት፣ ለዐፄ ቴዎድሮስ ከሠሩት ጀርመንኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች አንዱ ነበር። ከነዚህ ሰዎች በርካቶቹ በስዊዘርላንድ፣ በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው የቅድስት ክሪሾና ሚስዮን የሠለጠኑ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ከወደቀ በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጥተዋል። እርሱም ሴት ልጁን ለእናቷ ትቶ አብሯቸው እንደሄደ ይነገራል።

የማውቀው አንጥረኛ እንደነበረና በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ከሚገኘው ከቩርተምበርግ ግዛት እንደመጣ ብቻ ነው፤ የቤተሰቡን ስም እንኳ በእርግጠኝነት የሚናገር ሽማግሌ አላገኘሁም። በመላው ጀርመን የመንግሥት የልደትና የጋብቻ ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1876 በመሆኑ፣ የእርሱ ልደት ሊገኝ የሚችለው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ይህ መዝገብ ግን በየአጥቢያው የተያዘ ስለሆነ መንደሩን ሳያውቁ መፈለግ ከንቱ ድካም ይመስለኛል።

ስለዚህ የሚስዮኑን የቆየ የተማሪዎች መዝገብ የተመለከተ ሰው ካለ፣ የትውልድ ቦታና ሙያ ተጽፎበት እንደሆነ፣ የውጭ ሰው በደብዳቤ ሊጠይቅ ይችል እንደሆነም ቢገልጽልኝ ውለታው ትልቅ ነው። በጋፋት ስለተወለዱ ልጆች በአካባቢው አድባራት የተጻፈ ነገር የሚያውቅም ቢጠቁመኝ እጅግ አመሰግናለሁ።